ሦስት ምስክር ለአንድ ቀይ ክኒን

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ በእኛ አገር ድሃ መሆን ብቻውን አይበቃም ነበር። ድሃ ለመባል ሦስት ምስክር፣ አንድ ዳኛና አንድ ማኅተም ያስፈልጋል። ሀብታም ለመባል ግን ጥሩ ጋቢ ከተገኘ ምስክር የሚጠይቅ የለም። ይህን ሥርዓት ማን እንዳወጣው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ባገኘው አጎንብሼ እጅ እነሣው ነበር፤ ድሃን ከችኮላ የጠበቀ ሰው ምስጋና ይገባዋል።

ነገሩ የእናቴ ነው። እናቴ የምትኖረው ብቸና ነበር፣ እኔ ደግሞ ሞጣ። አስተማሪ ሆኜ ከተቀጠርኩ አራት ወር ሆኖኛል። ተቀጠርኩ ስል ጠመኔና ስድሳ ልጅ ሰጡኝ ማለቴ ነው እንጂ ደሞዜ ገና ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው እየዞረ ፊርማ ይለቅም ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሲባል ሰምቼ አላውቅም አልልም፤ ግን ላሟ የኔ መሆኗን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ኅዳር ላይ እናቴ ሳትጠራ መጣች። «ናፍቀሽኝ ነው» አለች። ወዲያው ጠረጠርኩ፤ እናቴ ስትናፍቅ ሰው ትልካለች እንጂ ራሷ የምትመጣ ሴት አይደለችም። እሑድ ቅዳሴ አብረን ሄድን። ወንጌል ሳይነበብ ሦስት ጊዜ ወጥታ ተመለሰች። በአራተኛው ተከተልኳት። ከቅጥሩ ውጭ፣ ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳ፣ የጽድ ግንድ በሁለት እጇ ጨብጣ አገኘኋት።

«ምን ሆነሻል?»

«ሽንተ ማጥ ነው» አለች ነጠላውን ከአፏ አውጥታ። «እሳት ነው የምሸናው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፍልሰታ።»

«ሦስት ወር ሙሉ ለምን ዝም አልሽ?»

«ለማን ልንገር? ለጭቃ ሹሙ?»

ጭቃ ሹም የአጥቢያችን ሹም ነው፤ ከግብርና ከድንበር ክርክር በቀር የሰው ሽንት የሚያገባው ሰው አልነበረም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አልኳት።

«ተረት የሚያድን ቢሆን ጎጃም ውስጥ በሽተኛ አይገኝም ነበር» አለችኝና ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ቅዳሴው ተመለሰች።

ለሰው አትንገር እንጂ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ተልባ ጠጥታለች። የገብስ ውሃ ጠጥታለች። ጠበልም ገብታለች፤ ሰባት ቀን በባዶ ሆዷ፣ ሆዷ ተነፍቶ ከበሮ እስኪመስል። የሆድ ቁርጠት ነው ብላቸው ስለነበር ጠበሉን በማስጠጣት በኩል የሚያግዛት ሰው ሞልቶ ነበር። በማስወጣቱ በኩል ግን ብቻዋን ነበረች።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ድሬሰሩ ከሐረር በኩል የመጣ ዝምተኛ ሰው ነበር። አገሩ በሙሉ ዶክተር ይለዋል። መጀመሪያ ሰሞን «ድሬሰር ነኝ» እያለ ያርም ነበር አሉ፤ ኋላ ደከመውና ሹመቱን ተቀበለ። የእናቴን ሽንት በብርጭቆ አድርጎ ወደ መስኮቱ አነሣና ብዙ ጊዜ አየው። እናቴ በሰውየው ፈንታ አፍራ ይመስለኛል፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«እማማ፣ ሁለት ዓይነት ክኒን ነው የምንሰጥዎ» አለ። «ነጩ በሽታውን ይገድላል። ቀዩ ቃጠሎውን ያስታግሳል። ቀዩን ሲወስዱ ሽንትዎ ቀይ ይሆናል፣ እንዳይደነግጡ። ቀለሙ ነው።»

ነጩ ርካሽ ነበር፣ ገዛነው። ቀዩ ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ስለሆነ የባሕሩንም፣ የመርከቡንም፣ ሞጣ ያመጣውን የጭነት መኪናም ዋጋ ተሸክሞ ነበር። አንዷ ፍሬ ከአንድ ዶሮ ጋር እኩል ናት። በቀን ሦስት፣ ለሁለት ቀን። ሕመሙ የሰነበተ ስለሆነ ደግሞ እየተመላለሰ ያስቸግራታል፤ በተመለሰ ቁጥር ቀዩ ክኒን ያስፈልጋል።

«ስድስት ዶሮ ልሸና ነው?» አለች እናቴ።

ድሬሰሩ ፊቱን ወደ መድኃኒት ቁም ሣጥኑ አዞረ። እየሳቀ እንደነበር ከትከሻው አወቅሁ።

ያኔ ነው እንግዲህ ቀይ ክኒን በርካሽ የማግኘት ጥበብ የጀመርኩት። መጀመሪያ ሁለት ፍሬ ብቻ ገዛሁ። እናቴ በምላጭ አራት አራት ቦታ ከፈለቻቸው። ሩብ ክኒን ዋጠችና ሩብ እፎይታ አገኘች፤ ይህን እንደ ትልቅ ግኝት ቆጥራ ለሁለት ቀን ደስ አላት። ከዚያ ከብቸና ያመጣችውን ማር ይዤ ወደ ከተማው መድኃኒት ሻጭ ሄድኩ። ሰውየው የማሩን ማሰሮ ከፍቶ በጣቱ ቀመሰና «ግሩም ነው» አለኝ፤ ማሰሮውን መልሶ ሰጠኝ፤ «ግን ጎጃም ውስጥ ሆነሽ ማር ነው የምታመጪልኝ?» በየቤቱ ቀፎ ባለበት አገር ማር ገንዘብ አለመሆኑን ከማስተማሬ በፊት መማር ነበረብኝ። አብረውኝ የሚያስተምሩት መምህራን ዕቁብ ነበራቸው፤ ዕቁብ ለመግባት ግን ደሞዝ ይጠየቃል። እንዲህ እያልኩ ሁሉንም በር ካንኳኳሁ በኋላ ድሬሰሩ አዘነልኝ።

«የነፃ ሕክምና ወረቀት አውጡ» አለኝ። «ድሃ ናቸው የሚል። ከሚታወቁበት አገር ሦስት ሰው ይመስክርላቸው። ወረቀቱ ከመጣ ነጩም ቀዩም በነፃ ይሰጣቸዋል።»

እናቴ የምትታወቀው ብቸና ነው። በእህል ጆንያ ላይ ተጭነን ሄድን። ሽንተ ማጥ ያለባት ሴት በጭነት መኪና ላይ ምን እንደምትሆን ያላየ ሰው መንገዱን ገደላማ ነው ብሎ አያማርር። እናቴ ሾፌሩን አቁምልኝ ማለት ሞቷ ነው። መላ ግን አላጣችም። የሾፌሩን ጣሪያ በዱላ ትመታና «ይህቺን ልጅ ሆዷን አሟታል፣ አንድ ጊዜ ቁምላት!» ትላለች። ይቆማል። ሁለታችንም እንወርዳለን፤ እኔ ለወጉ እሷ ለጉዳዩ። ብቸና እስክንደርስ ድረስ መኪናው ላይ ያለው ሰው ሁሉ በሐዘኔታ ያየኝ ነበር። አንዱማ ነጭ ሽንኩርት ሰጠኝ።

ምስክር ለማግኘት አልተቸገርንም። የነፍስ አባቷ፣ አጥር የምንጋራው ገበሬና የሟቹ አባቴ አጎት ልጅ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ተሰበሰቡ። ጉዳዩን አስረዳኋቸው፤ በሽታውን ግን «የወገብ ሕመም» አልኩት። ሦስቱም አዘኑ። የነፍስ አባቷ ጣራውን ቀና ብለው አይተው «ይኸው እያፈሰሰ አይደል፣ ለዚህ ምን ምስክር ያሻዋል?» አሉ። ገበሬው «ያለችው አንዲት ላምም ሐምሌ ላይ ሞታባት የለ?» አለ። እኔ እንዲያውም ድህነታችንን ሲያሳምሩት ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ ጭቃ ሹሙ ደጅ፣ ከዋርካው ሥር ቆምን። ነገር የሚሰማ ብዙ ሰው ተሰብስቧል። ጭቃ ሹሙ «እሜቴ ድሃ ናቸው ወይስ አይደሉም? እውነቱን ተናገሩ» አለ። የነፍስ አባቷ ቀድመው ተነሡ፤ ሕዝቡን አዩ፤ እናቴን አዩ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እሜቴ? ድሃ?» አሉ። «ምነው አፌ በተያያዘ! ባላቸው ሲሞቱ በተዝካራቸው ላይ ስንት በሬ እንደታረደ ይህ አገር ያውቃል። አራት ደብር ካህን በልቶ የተረፈው ለውሻ ተጣለ!»

እውነት ነው። ድሃ ያደረጉን እነዚያ በሬዎች ናቸው። ይህን ግን ለመናገር ተራ አልደረሰኝም፤ ገበሬው ከነፍስ አባቷ ማነስ አሳፍሮት ተነሣ።

«መሬታቸውስ!» አለ። «ከወንዙ እስከ ማዶው አቀበት የማን ነው?» መሬቱ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ክርክር ላይ ነው፤ ከወንዙ እስከ ማዶው አቀበት ያለው የዳኞችና የጠበቆች ነበር። ሦስተኛው፣ የአባቴ ዘመድ፣ ተራው ሲደርስ የቀረ ሀብት ቢያጣ ወደኔ ጠቆመ። «ልጃቸው ይህችውላችሁ! መምህር! የመንግሥት ደሞዝ የምትበላ!»

ጭቃ ሹሙ እጁን አነሣ። «በቃ» አለ፤ «ደሞዝተኛ ልጅ ያለው ሰው ድሃ አይባልም። ሕጉ ነው።» ደሞዜን እስካሁን አልበላሁትም፣ ሽታውም አልደረሰኝም ብዬ ተናገርኩ። ሕጉ ስለ መብላት አያወራም፣ ስለ መቀጠር ነው አለኝ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ በአክብሮት «እንዲህ ከሆነማ እሜቴ፣ ለደብሩ ጣራ የሚዋጣው ቆርቆሮ ላይ አይቅሩብን» አላት።

እናቴ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ነበር። ያን ሁሉ ሰዓት አንድ ጊዜ እንኳ ተነሥታ አልሄደችም። ፊቷ ላይ ሞጣ ከመጣች ጀምሮ ያላየሁት ወዝ ነበረበት። «አንድ ቆርቆሮ ከኔ ይሁን» አለች።

ክኒን በነፃ ልንቀበል ሄደን የቆርቆሮ ዕዳ ተሸክመን ተመለስን።

ወደ ቤት ስንሄድ «ሰማሽ ምን እንዳሉ?» አለችኝ። ተናድጄ ስለነበር እርምጃዬን አፈጠንኩ። የነፍስ አባቷ ከኋላ ደርሰው «ልጄ፣ አትቀየሚን፤ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» አሉኝ። «አባ፣ ስሟስ ይዋል፤ እሷ እኮ ከመቃብር በታች ልትውል ነው» አልኳቸው። እናቴ ይህን አልሰማችም። ከአንድ ቁልቋል አጥር ጀርባ ዞራ ነበርና ስታቃስት ይሰማኝ ነበር።

ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ድሃ አይደለችም ብለው የማሉት ሦስቱም በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጤፍና ቅቤ ላኩላት፤ ችግሯን ያውቃሉ። ሊሰጧት ይችላሉ፣ ድሃ ናት ብለው በአደባባይ ሊሉት ግን አይችሉም። በዚያው ጤፍና ቅቤ የመኪናውን ከፍለን ሞጣ ተመለስን።

ከዚያ በኋላ ባሰባት። ነጩ ክኒን ሊሠራ እየሞከረ ነበር፣ ቃጠሎው ግን ፋታ አልሰጣትም። ውሃ መጠጣት አቆመች፤ ባልጠጣ አልሸናም ብላ ነው። ከንፈሯ ተሰነጠቀ። አንድ ጠዋት ጓሮ ቆይታ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ አየሁ። እናቴ አባቴ ሲቀበር እንኳ ሰው ፊት ያላለቀሰች ሴት ናት። ፈራሁ። ቀልዱ ሁሉ ጠፋብኝ። ይህቺ ሴት በክኒን እጦት ልትሞትብኝ ነው አልኩ፤ ክኒኑ ደግሞ ከቤቴ መቶ እርምጃ በማይርቅ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በቆርቆሮ ጣሳ ተቀምጧል።

እናቴን የሚያውቁ ሰዎች ድሃ ሊሏት ካልቻሉ፣ የማያውቋት ይበሏት። ሞጣ ውስጥ ማንም አያውቃትም። ከአጥቢያ ዳኛው ደጅ የማይጠፉ፣ ምስክርነትን እንደ እርሻ የያዙ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ዋጋቸው አንድ አንድ ዋንጫ ጠላ ነው፣ ከሥራ በኋላ የሚከፈል። ሄጄ አነጋገርኳቸው። ከሦስቱ አንጋፋው፣ ፂሙን ያሳደገ ግርማ ሞገስ ያለው ሽማግሌ፣ በትዕግሥት ሰማኝና «ድሃ ነው ወይስ ባለመሬት የምናደርጋት?» አለኝ።

«ድሃ።»

«ይሻላል፤ ድሃ ይቀላል» አለ።

እናቴን «አንቺ ዝም ብቻ በይ» አልኳት። «በሰው አገር ማን ያውቀኛል፣ ይበሉ» አለች። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ ተከተለችኝ።

ዳኛው ዕድሜው የገፋ፣ ብዕሩን በየጊዜው ጆሮው ላይ የሚሰካ ሰው ነበር። የመጀመሪያው ምስክር ተነሣ። ቤት የላትም አለ። እናቴ ዝም። ሁለተኛው መሬት የላትም፣ ከብት የላትም፣ ዘር ማንዘሯ አይታወቅም አለ። «ዘር ማንዘሯ» ሲል አንገቷ ትንሽ ነቃ አለ፣ ግን ዝም። ብቸና ላይ አራት ደብር ካህን ያበላችው ሴት ሞጣ ላይ ከመሬት የበቀለች ሆና ተቀመጠች። ኮራሁባት፤ ለክኒኑ ስትል ስንቱን እንደዋጠች አየሁ። ሦስተኛው አንጋፋው ነው። ዱላውን ተደግፎ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ።

«ጌታዬ፣ ይህቺ ሴት ጧሪ ቀባሪ የላትም» አለ። «ማኅፀኗ አልታደለም። ልጅ አልወለደችም።»

ይህን በል አላልኩትም። ሰውየው ሕጉን ከኔ ይበልጥ ያውቅ ነበር፤ ደሞዝተኛ ልጅ ከኋላ ብቅ እንዳይል አስቀድሞ በሩን መዝጋቱ ነው። እናቴ ነጠላዋን ከግንባሯ ገለጥ አድርጋ ዞራ አየችኝ። ዳኛውም ይህን አይቶ ይሁን እንዲያው፣ ብዕሩን ከጆሮው አወረደና ወደኔ ጠቆመ።

«አንቺስ ምኗ ነሽ?»

እዚህ ላይ ሰበብ ልደረድር እችላለሁ። የተሰነጠቀ ከንፈሯ፣ የቀላው ዓይኗ፣ ጣሳው፣ ሕጉ። ሁሉም እውነት ነው። ግን ያን ጊዜ ይህን ሁሉ አላሰብኩም። ጥያቄው መጣ፣ መልሱም ሳይንቀጠቀጥ ከአፌ ወጣ።

«ጎረቤቷ ነኝ» አልኩ።

«እግዜር ይስጥሽ» አለኝ ዳኛው። «እንዳንቺ ያለውን ጎረቤት ያብዛልን።» ጽፎ ጨረሰና ማኅተሙን በትንፋሹ አሙቆ ወረቀቱ ላይ አሳረፈው። የእናቴን ፊት አላየሁም፣ ለማየት አልደፈርኩም።

ጠላ ቤት ሒሳቤን ልዘጋ ስሄድ አንጋፋው ምስክር ዋንጫውን እያነሣ አመሰገነኝ። «አሮጊቷ ግን ጎበዝ ናት» አለ። «ልጅ አልወለደችም ስል እንዴት እንደደነገጠች አየሽ? እንዲህ የሚያስመስል ሰው ብዙ አይገኝም።»

ድሬሰሩ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበ። ልጅ የሌላት የሚለው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ። እናቴ መሆኗን ያውቃል። ጣሳውን ከፍቶ ቀዮቹን ክኒኖች አንድ በአንድ ወረቀት ላይ ጣለልን፤ ከታዘዘው ትንሽ ያበለጠም መሰለኝ።

የመጀመሪያውን ያኔውኑ ዋጠች። ሙሉውን፣ ምላጭ ሳይነካው። ከሰዓት በኋላ ከጓሮ ስትመለስ እርምጃዋ ሌላ ነበር። «ቀይ ነው» አለች፤ ቆየት ብላ «አላቃጠለኝም» አለች። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ፣ እግሯን ፀሐይ ላይ ዘርግታ ተቀመጠች። ከመጣች ጀምሮ እግሯን ዘርግታ ስትቀመጥ ያን ቀን ነው ያየሁት። ውሃ ለመነች፣ ጠጣች፣ ደግሞ ለመነች። ደስ አለኝ። በዳኛው ደጅ ስላለው ነገር ትቆጣኛለች ብዬ እጠብቅ ነበር፤ አልተቆጣችም፤ ረስታዋለች አልኩ፤ ሕመም የለቀቀው ሰው ብዙ ነገር ይረሳል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁለተኛውን ክኒን በኩባያ ውሃ አቀረብኩላት። ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። እናቴ፣ ለኔ፣ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ክኒኑን በሁለት እጇ ተቀበለች፣ ዋጠች፣ ውሃውን ጨርሳ ጠጣች፣ ከዚያ ሰው ቤት ያረፈ መንገደኛ እንደሚያደርገው ጎንበስ ብላ ኩባያውን መለሰችልኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እመቤቴ» አለች። «ለባዕድ ሰው ይህን ያህል ደከሙ። ልጅ ብወልድ ኖሮ እንኳ ከዚህ የበለጠ አታደርግልኝም ነበር።»

ኩባያውን ይዤ ወጣሁና ጓሮ ቆሜ አለቀስኩ።